ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ፦ ከአዳምስ ቤት የተማርኩት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ሥራሽ ወደ ሌላ አገር ሊወስድሽ ነው፣ ልጆቹን ይዤ ልሂድ ወይስ ለዘመድ ልተዋቸው ነው ያልሽው። ብዙ ሰው «ልጅ አንድ ቦታ ካልረጋ ይበላሻል» ብሎሻል። እኔ አልስማማም። አባትና ልጅ ሆነው ሁለቱም በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑትን የአዳምሶችን ቤት ልንገርሽ።

ጆን አዳምስ በ1778 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ አብዮት ጉዳይ ወደ ፈረንሳይ ሲላክ፣ ልጁን ጆን ኩዊንሲን ይዞ ነው የተሳፈረው። ልጁ ገና 10 ዓመቱ ነበር። ፓሪስ አጠገብ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባና በፈረንሳይኛ አባቱን በለጠው። በ1779 ሲመለሱ ወደ አሜሪካ የተሾመው አዲሱ የፈረንሳይ አምባሳደርም እዚያው መርከብ ላይ ነበር። አንድ ጠዋት አዳምስ ወደ ራሳቸው ክፍል ጎራ ሲል አምባሳደሩ በጸሐፊውና በልጁ መሃል ተቀምጧል፤ አምባሳደሩ የእንግሊዝኛ የሕግ ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ልጁ አነባበቡን ያርመዋል። በ14 ዓመቱ ደግሞ ከአንድ የአሜሪካ መልእክተኛ ጋር አስተርጓሚ ሆኖ ሴንት ፒተርስበርግ ድረስ ሄደ። እዚህ በየቢሮው ለወላጆቻቸው የሚያስተረጉሙ ልጆቻችንን ሳይ እሱ ነው ትዝ የሚለኝ።

ታናሹ ቻርልስ ግን ሌላ ነበር። አባትና ልጅ በ1779 መጨረሻ ዳግም ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በ9 ዓመቱ ከእነሱ ጋር ሄዶ የእናቱ ናፍቆት አላስቀምጥ አለው፣ በ1781 ወደ አገሩ መለሱት። አንድ አባት፣ አንድ ቤት፣ ሁለት የተለያዩ ልጆች። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ሚዛን አትመዝኚያቸው፣ እያንዳንዳቸውን ለብቻ አነጋግሪያቸው።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን በኋላ የሆነው ነው። ያ ያደገው በስደት የሆነ ጆን ኩዊንሲ በ1809 ወደ ሩሲያ ሲሾም፣ የ8 እና የ6 ዓመት ወንዶች ልጆቹን ለዘመድ ትቶ ሕፃኑን ብቻ ይዞ ሄደ። ሚስቱን ሉዊዛን ማንም አላማከራትም። ልጆቿን መልሳ ያየቻቸው በ1815 ለንደን ላይ ነው፣ ስድስት ዓመት ሊሞላ ሲል። ይህ ውሳኔ ከልቧ አልወጣም። እናት ሳትጠየቅ እንዲህ ያለ ነገር መወሰን ግፍ ነው፣ በማንም ዘመን።

ስለዚህ የኔ ምክር ይዘሻቸው ሂጂ ነው። ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ግን የቤተሰብ ቪዛ ይሰጡ እንደሆነና የትምህርት ቤት ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ መልስ ተቀበዪ። የምትሄጂበትን አገርም ጻፊልን፣ እዚያ ያለ ሰው ከመሃላችን አይጠፋም።