እናቴን ባሕር ላሳያት ብዬ ነበር፤ ትሩቪል ይሻላል ወይስ ዶቪል?

ጠያቂ፣ ከክሬቴይ

ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ በነሐሴ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። 71 ዓመቷ ነው። እስከ ዛሬ ያየችው ትልቁ ውሃ ጣና ነው። በስልክ «ባሕር ሳታሳየኝ እንዳትመልሰኝ» ብላኛለች። ኒስና ማርሴይ ለጉልበቷ ሩቅ ናቸው። ለፓሪስ የሚቀርበው ዶቪል ነው አሉኝ። ሌላ ሰው ደግሞ «ዶቪል የሀብታም ሰፈር ነው፣ ኪስህን አራግፈው ነው የሚሸኙህ» አለኝ። የሄደ ሰው ካለ እስቲ ይምከረኝ። ጾም ላይ ስለሚውል ምግቡም አሳስቦኛል።

መልስ፣ ከሞንትረይ

ወንድሜ፣ እናትህን በሰላም ያምጣልህ። እኔ አምና እናቴን ወስጃት ስለነበር ትንሽ ላስረዝም ነው። ሻይህን ያዝ።

ባቡሩ የሚያወርድህ ጣቢያ ስሙ «ትሩቪል-ዶቪል» ነው። ጣቢያው አንድ ነው፣ ከተማው ግን ሁለት። መሃላቸው ቱክ የሚባል ወንዝ ያልፋል። ድልድዩን ከተሻገርክ ትሩቪል ነህ፣ ካልተሻገርክ ዶቪል። ከፓሪስ ሴን ላዛር ሁለት ሰዓት ከምናምን ይፈጃል። ናቪጎህን (የፓሪስ አካባቢ የትራንስፖርት ካርድህን) ተማምነህ እንዳትሳፈር፤ ካርዱ ኖርማንዲ ድረስ አይሠራም፣ ቲኬት መቁረጥ አለብህ። ቀደም ብለህ ከቆረጥክ ይረክሳል።

የቀደመችው ትሩቪል ናት። የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ነበረች። (የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በ1825 ሻርል ሞዛን የሚባል ወጣት ሠዓሊ ደረሰባትና ሥዕሎቿን ፓሪስ ወስዶ አሳየ። ከዚያ ሌሎች ሠዓሊዎች መጡ፣ ደራሲዎች መጡ፣ በመጨረሻ ገንዘብ ያለው መጣ። ይሄኛው ቅደም ተከተል አዲስ አይደለም፣ ዛሬም ሰፈር የሚወደደው እንደዚህ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ሰዉ ባሕር የሚወርደው ለመዝናናት አልነበረም። ሐኪም አዞለት ነው። ለነርቭ፣ ለደም ማነስ፣ ለማይለቅ ድካም፣ መውለድ ላቃታት ሴት ሳይቀር። ፋሽኑን ያደመቀችው ከትሩቪል በስተሰሜን ያለችው ዲየፕ ናት፤ በ1824 የንጉሣውያኑ ቤተሰብ የቤሪ ዱሼስ ወርዳ ከታጠበች በኋላ መኳንንቱ ተከታተሉ። አሠራሩን ስማ። በፈረስ የሚጎተት የእንጨት ጎጆ ውሃው ድረስ ይገባል። ሴትየዋ እዚያ ውስጥ ልብሷን ቀይራ፣ ሰውነቷን የሚሸፍን ወፍራም ሱፍ ለብሳ ትወጣለች። ከዚያ ሥራው ይኸው የሆነ ጉልበተኛ ሰው አቅፎ ይወስድና በማዕበሉ ውስጥ ድፍቅ ያደርጋታል። ስንት ጊዜና ለስንት ደቂቃ እንደምትነከር ሐኪሙ ወስኗል። ጩኸት አለ፣ መንቀጥቀጥ አለ፣ ሲያልቅ ፎጣና ትኩስ ነገር አለ። የጠበል ቦታ አይመስልም?

አሁን እናቴን ላምጣልህ። የደረስነው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ጫማዋን አውልቃ በፌስታል ያዘችው። ነጠላዋን አጣፋች። ዙሪያዋን ሰዉ በቢኪኒ ተዘርሮ ጀርባውን ይጠብሳል። ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሲደርስ ቆመችና አማተበች። ጎንበስ ብላ በእፍኟ ሦስት ጊዜ ጉልበቷ ላይ አፈሰሰች፣ አንድ ጊዜ ወገቧ ላይ። ከዚያ ጣቷን ላስ አድርጋ ፊቷን አጨማደደች። «ይሄን ሁሉ ጨው ማን ጨመረበት?» አለችኝ። በዚያ ባሕር ዳርቻ እንደ 1820ዎቹ ሰው ባሕር የወረደች እሷ ብቻ ነበረች። ከቦርሳዬ ባዶ ሃይላንድ አውጥታ እስከ አፉ ሞላች፣ ለጎረቤቷ ቁርጥማት ነው አለች።

አዲስ አበባም እኮ በዚሁ መንገድ የመጣች ከተማ ናት። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውሃው አጠገብ ቤት ያሠሩት በ1886 ነው። ዶቪል ስትቆረቆር ከዚያ 26 ዓመት በፊት ነው፣ በ1860።

ዶቪልን የፈጠራት ገንዘብ ነው። በቦታው ረግረግና የአሸዋ ክምር ነበር፣ ኮረብታው ላይ ደግሞ ትንሽ መንደር። የናፖሊዮን ሦስተኛ የእናቱ ልጅ የሆነው የሞርኒ መስፍን ከአንድ ሐኪምና ከአንድ ባንከር ጋር ሆኖ መሬቱን ገዛ። (ሐኪሙ እዚህም እንዳለ ልብ በል።) ረግረጉን አደረቁ፣ መንገዱን በማስመሪያ አሰመሩ። በ1863 የባቡር ሐዲድ ገባ፤ የፈረስ እሽቅድምድሙ ሜዳም ወዲያው ተከተለ። ሞርኒ የፈረስ ፍቅር ነበረበት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሳያልቅ ሜዳው ደረሰ ብለው ያሙታል። ብዙም ሳያይበት በ1865 ሞተ። በ1870 ጦርነት መጣ፣ የወንድሙ መንግሥት ወደቀ፣ ይባስ ብሎ ባሕሩ ራሱ ከከተማው ሸሸ። ዳርቻው ላይ አሸዋና ጠጠር እየተቆለለ ባሕር ፊት ለፊት የተሠሩት ቪላዎች ከውሃው ራቁ። የባሕር ከተማ ገዝተህ ባሕሩ ጥሎህ ሲሄድ አስበው።

በዚያው በ1870 በጋ ክሎድ ሞኔ ከአዲስ ሙሽራው ከካሚይ ጋር ትሩቪል ነበር። ሸራውን አሸዋው ላይ ዘርግቶ እሷን ሣላት። ከሥዕሎቹ አንዱ ዛሬ ለንደን በናሽናል ጋለሪ አለ። ቀለሙ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት ተገኝቶበታል፤ ንፋሱ ያመጣው ነው፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ተለጥፎ ቀረ። እኔ ይህን አምናለሁ። ከትሩቪል ከተመለስን በኋላ ለሁለት ሳምንት ከሶፋው ሥር አሸዋ ስጠርግ ነበር።

ዶቪል እንደገና ነፍስ የዘራችው በ1912 ነው። ኧዤን ኮርኑሼ የሚባል የሬስቶራንትና የካዚኖ ሰው አዲሱን ካዚኖና ኖርማንዲ የሚባለውን ትልቅ ሆቴል አስከፈተ። በዓመቱ ኮኮ ሻኔል ኮፍያ ይዛ መጥታ ሱቅ ከፈተች። ጦርነቱ በ1914 ሲፈነዳ ከፓሪስ የሸሹ ባለጸጋ ሴቶች እዚያ ተሰበሰቡ። የተወጠረው ኮርሴት ለሽሽት አይመችም፤ የሻኔል ልል ልብስ ገበያው ደራ።

በ1923 ደግሞ ሌ ፕላንሽ የሚባለውን የእንጨት መንገድ አነጠፉ። ርዝመቱ 643 ሜትር ነው። ሀሳቡ የሴቶቹ ረጅም ቀሚስ አሸዋ እንዳይጠርግ ነበር። እንጨቱ አዞቤ ይባላል፣ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ደን የሚመጣ፣ ጨውና ዝናብ የማይበግረው። ከጎኑ በተደረደሩት የልብስ መቀየሪያ ክፍሎች ፊት ባለው አጥር ላይ የአሜሪካ ተዋንያን ስም ተጽፏል፤ ከ1975 ጀምሮ በየመስከረሙ የአሜሪካ ፊልም ፌስቲቫል ስላለ ነው። ለእናትህ ጉልበት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ዝርግ ነው፣ መቀመጫ ሞልቷል። ትሩቪል ግን ኮረብታው ላይ የተሰቀለ ነው፣ ጓዳ ጎድጓዳውና ደረጃው ብዙ ነው፤ እዚያ ወንዙን ይዘህ ታች ታች በል።

አሁን ወደ ኪስህ። እውነት ነው፣ ዶቪል ውስጥ ካዚኖው አጠገብ አንድ ካፌ ለአንድ ሻይ ሰባት ዩሮ ከፍያለሁ። እናቴ ሂሳቡን ስነግራት ሻይዋን እስከ ቅጠሉ ጠጣችው። ባሕሩ ግን በነጻ ነው። የ1986ቱ የባሕር ዳርቻ ሕግ ወደ ውሃው መድረስ ለማንም ክፍትና ያለ ክፍያ ነው ይላል። የምትከፍለው በቀለማት ያበደውን የዶቪል ዣንጥላና ወንበር ከፈለግክ ነው። አንጥፈህ መቀመጥ ማንም አይከለክልህም፣ እኛ ጋቢ ነው ያነጠፍነው። ሌላም ጋቢ ያዝ። በነሐሴም ቢሆን ከማንሽ፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ መሃል ካለው ባሕር፣ የሚመጣው ንፋስ አጥንት ይገባል።

አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ስንደርስ ባሕሩ ሩቅ ነበር። ዕቃችንን እርጥቡ አሸዋ ላይ አስቀምጠን ወደ ውሃው ሄድን። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ርቀቱም የዋዛ አይደለም። ወሬ ይዘን ስንዞር ፌስታሉ ተንሳፍፏል። ጋቢውን አዳንኩ፣ አንድ ጫማ ግን ሄደ። እናቴ እስከ ፓሪስ በእኔ ነጠላ ጫማ መጣች፣ እኔ በካልሲ። ስለዚህ ከመሄድህ በፊት «ማሬ» የሚለውን ሰንጠረዥ እይ፤ ውሃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት በየቀኑ ያሳያል።

ስለ ጾሙ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ በእነሱ ከኦገስት 7 እስከ 21። ፈረንሳዮቹ ፍልሰታን ኦገስት 15 ያከብራሉ፣ የሕዝብ በዓል ነው፣ ያን ሰሞን ግማሽ ፓሪስ እዚያ ስለሚወርድ አትሂድ። ምግቡ ፈተና ነው። ያለኸው ካማምበርና ፖን ሌቬክ አይብ የሚሠራበት አገር ነው፤ ቅቤና ክሬም የማይገባበት ነገር የለም። የትሩቪልን የዓሣ ገበያ ግን ለዓይን ውሰዳት። ወንዙ ዳር ነው፣ በ2006 ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ። ሰዉ ቆሞ ኦይስተር ከነዛጎሉ ይመጥጣል፣ ሽሪምፕ ይልጣል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፣ አምና በዚህ ቤት ተጣልተንበታል። ለዛጎሉ ግን ክርክርም አላስፈለገ። «ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አልነካም» ብላ ፊቷን አዞረች። ሽሮ በፔርሙስ፣ እንጀራ በፌስታል ጠቅልለህ ሂድ። የተጠበሰ ድንች ከገዛህ በምን ዘይት እንደሆነ ጠይቅ፤ አንዳንዱ ቤት በበሬ ሞራ ነው የሚጠብሰው።

ማታ ስትመለሱ ውሃው ሞልቶ ከሆነ ከትሩቪል ወደ ዶቪል ትንሽ ጀልባ ታሻግራለች። ደቂቃም አይሞላም፣ ዋጋውም ሳንቲም ቢጤ ነው። ውሃው ሲጎድል ደግሞ በእግር ይታለፋል። እናቴ ከሁሉ የወደደችው እሷን ነው። ሁለት ጊዜ አመላለሰችኝ።

መልስ፣ ከካን

(ካን ስል የኖርማንዲዋን ማለቴ ነው፣ የፊልሟን አይደለም። ዘመድ ሁሉ «ፀሐዩ እንዴት ነው?» እያለ ይደውልልኛል። ዝናብ ነው።)

እህታችን ጥሩ አድርጋ ጽፋዋለች። እኔ ለሥራ ለሚያስቡት ልጨምር። ዶቪል ውስጥ ሁለት በጋ ፕሎንዥ ሠርቻለሁ፣ ሳህን አጣቢነት ማለት ነው። ከፋሲካ እስከ መስከረም ሆቴሉም ምግብ ቤቱም ሰው ይፈልጋል፣ ፈረንሳይኛህ ባይሟላም ይቀጥሩሃል። ችግሩ ማደሪያ ነው። አብዛኛው ቤት የፓሪስ ሰዎች ሁለተኛ ቤት ነው፤ ከተማዋን «የፓሪስ 21ኛ አሮንዲስማ» (ወረዳ) ይሏታል፣ ፓሪስ ያላት 20 መሆኑን ታውቃላችሁ። በጥር ወር ብትሄዱ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው፣ ድመት ብቻ ነው የምታዩት። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት «ማደሪያ አለው ወይ?» በሉ። እኔ አልጠየቅሁም፤ የሠራሁበት ቤት አለው ብሎኝ ስደርስ ለአራት ሰው አንድ ክፍል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሊዚዩ አድሬ በባቡር ተመላለስኩ።

ወደ ዶቪል የሄድኩበት የመጀመሪያው ጊዜ ግን ቀደም ያለ ነው፣ በሜይ 2011። የቡድን 8 ስብሰባ እዚያ ሲደረግ ጓደኛዬን ልጠይቅ ሄጄ ፖሊስ ከጣቢያው አላሳልፍ አለኝ። አቶ መለስም ኔፓድን (የአፍሪካን የልማት አጋርነት) ወክለው ከተጋበዙት የአፍሪካ መሪዎች አንዱ ነበሩ። ለፖሊሱ «የእኔም ጠቅላይ ሚኒስትር ውስጥ ነው» ብለው አልሳቀም።

መልስ፣ ከሊል

የሀብታም ሰፈር ለሚለው ወንድም፦ ባሕሩን ለድሃ የከፈተው 1936 ነው። የሕዝባዊ ግንባር (የፈረንሳይ ግራ ዘመም ፓርቲዎች ኅብረት) መንግሥት ለሠራተኛ ሁሉ የሁለት ሳምንት ደመወዝ ያለው ዕረፍት በሕግ ሰጠ፣ የባቡር ቲኬቱንም ለዕረፍት ተጓዡ 40 በመቶ ቀነሰ። ያን በጋ ፋብሪካ የሚውሉ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር አዩ። የዚህ ሰፈር አሮጊት ጎረቤቴ አባቷ ያን ቀን ሱፍና ከረባት አድርጎ እንደሄደ ነግራኛለች፣ ሱሪውን ወደ ጉልበቱ ጠቅልሎ። እናትህም በሀገር ልብስ ትሂድ።

ጠያቂ፣ ከክሬቴይ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ከኦገስት 15 በፊት ባለው ማክሰኞ ቆርጫለሁ፣ ውሃው ከሰዓት በኋላ የሚሞላበት ቀን ነው፣ ጀልባዋንም እናገኛታለን። ለእናቴ ነገርኳት። የጠየቀችኝ ስለ ሞርኒም ስለ ሻኔልም አይደለም። እህቴ፣ ያ የሃይላንድ ውሃ አዲስ አበባ በሰላም ገባ ወይ?

መልስ፣ ከሞንትረይ

ገብቷል። በእጅ ሻንጣ እንዳታስይዛት፣ ቦሌ ሳይሆን እዚሁ ሻርል ደ ጎል ላይ ይጥሉባታል። ክዳኑን በፕላስተር አሽገህ፣ በሁለት ፌስታል አስረህ፣ በትልቁ ሻንጣ ልብስ መሃል ክተተው። ጎረቤቷ ጨርሳ ሌላ ላኩልኝ እያለች ነው።