ጥቆማ፦ ኤክስ-01ን ጎንደር ላይ የት ሆነን እንልበሰው?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የአዘዞ ልጅ ነው። «ወንድሜ፣ ፎልአውት 4 ላይ ኤክስ-01 የሚባለውን ፓወር አርመር ለመልበስ ጓጉቻለሁ። ጌም ቤት ይሻለኛል ወይስ ላፕቶፕ ልግዛ? ደግሞስ ልፋቱ ያዋጣል?»

ለማያውቀው ሰው፣ ፎልአውት 4 የቪዲዮ ጌም ነው፤ ፓወር አርመር ደግሞ እዚያ ውስጥ የሚለበስ ባለ ሞተር ጥሩር ነው። ከጀርባው ይከፈታል፣ ትገባበታለህ፣ ይዘጋብሃል። አያቴ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ «ሰውዬው ነው ጥሩሩን የለበሰው ወይስ ጥሩሩ ሰውዬውን ውጦት ነው?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ከለበስከው ጉልበትህ 11 ይገባል፤ ከፎቅ ብትዘልም እግርህን አይነካህም። ሁሉም ነገር የሚሠራው ግን ፊውዥን ኮር በሚባል ባትሪ ነው። ኮሩ ካለቀ ብረት ተሸክመህ እየተንፏቀቅክ ትቀራለህ። መብራት ሲጠፋ እንደቆመ ወፍጮ በለው።

ኤክስ-01 የሙከራ ሥራ ነው። በጨዋታው ታሪክ 2077 ላይ የኑክሌር ጦርነቱ ሲፈነዳ ለወታደሩ ገና በሰፊው አልታደለም። ለዚህም ነው እንደ ልብ የማይገኘው።

አሁን ወደ ጎንደር።

ጌም ቤት፦ ፒያሳም ሆነ ማራኪ አካባቢ ያሉት በአብዛኛው የኳስ ጌም ቤቶች ናቸው። ሂሳቡም በጨዋታ ነው፤ አንድ ግጥሚያ ይሄን ያህል ተብሎ። ፎልአውት ግጥሚያ የለውም። ስለዚህ ከመቀመጥህ በፊት በሰዓት ተነጋገር፤ ያለበለዚያ ስትወጣ ጭቅጭቅ ነው። ዲስኩም ላይኖራቸው ይችላል፣ አስቀድመህ ጠይቅ። ትልቁ ችግር ግን ሴቭህ ነው፤ ማለትም እስከደረስክበት ድረስ የተቀመጠው ጨዋታህ። እኔ አንድ ቤት ውስጥ ሳምንታት የፈጀሁበትን ሴቭ አንዱ ልጅ ለኳሱ ቦታ ሲያስለቅቅ አጥፍቶልኛል። ባለቤቱ «አይዞህ፣ እንደገና ትጀምራለህ» አለኝ። እንዴት አድርጌ ልጀምር! ለመሞከር ያህል ሁለት ሦስት ሰዓት ከሆነ ግን ጌም ቤት ይበቃል። የመጀመሪያዋን ጥሩር፣ ቲ-45 የምትባለውን፣ ጨዋታው ውስጥ ኮንኮርድ በሚባል ከተማ ቶሎ ታገኛታለህ። እዚያው ዴዝክሎው የሚባለው አውሬ ይወጣብሃል፤ ሰፈሩ ሁሉ ከኋላህ ቆሞ ሲጮህልህ ደስ ይላል።

ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4፦ ምስሉም አጨዋወቱም ጥሩ ነው። ግን መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ጄኔሬተር ወይም ዩፒኤስ ከሌለህ ልብህ ይደክማል።

ላፕቶፕ፦ የእኔ ምርጫ ይሄ ነው፤ ባትሪ ስላለው ብቻ። መብራት ቢጠፋ ሴቭ አድርገህ ለመውጣት ጊዜ ይሰጥሃል። ጨዋታው 2015 ላይ የወጣ ስለሆነ ውድ ማሽን አያስፈልገውም። 8 ጊጋ ራም፣ 30 ጊጋ ባዶ ቦታ፣ 2 ጊጋ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ፣ ከዚህ ባያንስ ነው። ሻጭ «ኮር አይ ፋይቭ ነው» ብሎ ብቻ እንዳይሸውድህ፤ ግራፊክስ ካርዱን ከፍተህ እይ። ከመክፈልህ በፊትም ቻርጀሩን ነቅለህ ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ እዚያው ቆመህ ሞክር። አፍረህ አትተው።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ሰርቫይቫል የሚባለውን አስቸጋሪ ደረጃ በእኛ መብራት አትጀምር። እዚያ እንደፈለግህ ሴቭ አይደረግም፤ አልጋ ፈልገህ መተኛት አለብህ። አልጋው ጋ ለመድረስ ሁለት እርምጃ ሲቀርህ ነው መብራቱ የሚሄደው፣ ሁልጊዜ።

ያዋጣል ወይ ላልከኝ፤ አዎ፣ ግን አትቸኩል። ኤክስ-01 የሚያጋጥምህ ደረጃህ ወደ 30 ሲጠጋ ነው። ያለውም 35 ኮርት የሚባለው ሕንፃ አናት ላይ ነው፤ እዚያ ሁለት ክፉ ሮቦቶች፣ አሶልትሮንና ሴንትሪ ቦት፣ ይጠብቁሃል። እስከዚያ ቲ-60 የሚባለውን ጥሩር ይዘህ ቆይ። ብራዘርሁድ ኦፍ ስቲል የሚባለው የጨዋታው ጦር ውስጥ ገብተህ ናይት የሚባለውን ማዕረግ ስታገኝ በነፃ ይሰጡሃል። የሚጠገነው በብረት ነው፣ ብረት ደግሞ የትም አለ። ኤክስ-01 አሉሚኒየም ይፈልጋል፤ ባዶ ጣሳ ስትለቅም መዋልህ ነው። በመከላከል ግን ከቲ-60 ይበልጣል። ኑካ-ወርልድ የተባለው ተጨማሪ ክፍል ካለህ ደግሞ ስታር ኮር የሚባሉትን ዕቃዎች 35 ሰብስበህ ሰማያዊ ቀለም ያለውን ኳንተም ኤክስ-01 ታወጣለህ። አድካሚ ነው፤ እኔ ጥምቀት ሰሞን ዘመድ ሁሉ ቀሐ ወርዶ ቤቱ ጭር ሲል ነው የጨረስኩት። እናቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ማራኪ የምትማር እህታችን ደግሞ በአስተያየት እንዲህ ብላለች፦ «ለሴት ልጅ ጌም ቤት አይመችም፤ ሁሉም ዞሮ ያይሻል። እኛ ዶርም ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ለሦስት ነው የምንጫወተው፣ እያንዳንዳችን የየራሳችን ገጸ ባሕርይ አለን። ደግሞ ቲ-60 ይበቃል። ኤክስ-01 ለጉራ ነው።»

እቱ፣ ስለ ዶርሙ እውነትሽን ነው። ስለ ጉራው ግን ግሎዊንግ ሲ ከሚባለው፣ ጨረር ከሞላበት የጨዋታው ምድር ተመልሰሽ ንገሪኝ።

ለአዘዞው ልጅ አንዲት ነገር ልጨምር። ኮሩን ለመቆጠብ ሩጫ ቀንስ፤ ሩቅ ስትሄድ ካርታው ላይ ነክተህ በአንዴ ድረስ፣ ያ ኮር አይበላም። ከጥሩሩ በወጣህ ቁጥር ደግሞ ኮሩን ነቅለህ ኪስህ ክተት። እኔ አንድ ቀን ረስቼ ተኛሁ። ሽፍቶች መጡ፣ ተኩስ ተጀመረ። ስነሳ የመንደሩ አንድ ገበሬ ኤክስ-01ዬን ለብሶ ሲሯሯጥ አገኘሁት።