ፈረሰኛው ለሁለት ተሰበረብኝ፤ ዶሮዬ 13 ብልት ሆነች

የሽሮ ሜዳዋ፦
ዛሬ ቅዳም ሹር ነው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት። ቄጠማው ራሴ ላይ እንደታሰረ፣ እጄም ሎሚ ሎሚ እንደሸተተ ነው የምጽፍላችሁ። እናቴ እህቴን ልታርስ ዋሽንግተን ስለሄደች የዘንድሮው ዶሮ እኔ እጅ ላይ ወድቋል። አሁን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ስልኳን ዘግታለች።

አባቴ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ነው፤ ክለቡ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት እዚያ የነበረ ይመስል የሚያወራ ዓይነት። ፈረሰኞቹን ስለሚደግፍ ከዶሮዋም ፈረሰኛው የእርሱ ነው፤ ማንም እጁን አይሰድበትም። የእናቴ ወንድም ደግሞ የኢትዮጵያ ቡና ነው። በየበዓሉ «ብሉ ብሉ፤ በመጨረሻ ሁላችሁም ወደ ቡና መምጣታችሁ አይቀርም» ይላል። እናቴ ዶሮ ስትገነጥል አባቴ አጠገቧ ቆሞ አሰላለፍ ያነባል፦ 11 ተሰላፊ፣ አንገቷ ደግሞ ዞር ዞር ብላ ስለምታይ አሠልጣኝ።

ዛሬ ፈረሰኛው ቢላዋዬ ሥር ቀጭ አለና ለሁለት ተከፈለ። አጎቴ በር ላይ ቆሞ አይቷል፤ እስካሁን ይስቃል። አባቴ ተኝቷል። ምን ላድርግ? ሌላም ጥያቄ አለኝ፦ ጾም ላይ ስለሆንኩ ወጡን አልቀምስም፤ ጨዉን በምን ልወቅ?

ቡናማው ከመርካቶ፦
እህቴ፣ 13ኛው ተቀያሪ ነው በያቸው። ፈረሰኛ ለሁለት ሲሰበር እኛ ስታዲየም ገብተን ስላየን አዲስ አልሆነብንም። አጎትሽን ሰላም በይልኝ።

እትዬ ድስት፦
ልጄ፣ የዚህን ቀልድ ተይውና ስሚኝ። ሁለቱን ስባሪ ገጣጥመሽ በንጹሕ ነጭ ክር ጠምጥመሽ እሰሪ፤ ድስት ውስጥም አይበተንም። ማማሰያውን ግን በዚያ በኩል ቀስ አድርጊ። ሽንኩርትሽን ያለ ዘይት ውሃውን እስኪጨርስ አቁላልተሻል? ዶሮ ወጥ የሚበላሸው በአጥንት ሳይሆን ባልበሰለ ሽንኩርት ነው። ጨዉን ከለመድሽው ቀነስ አድርጊ፤ የጎደለ ሌሊት ይጨመራል፣ የበዛ ግን መላ የለውም። ጾም ያልጀመረ ሕፃን ካለ አቅምሺው። እኛ ቤት ጨዉን አሽትታ ብቻ የምታውቅ አክስት ነበረችን፤ እርሷን ግን እግዚአብሔር ነው የፈጠራት። መከለሻውን አደራ፣ ልታወጪ ስትይ ብቻ።

ቡናማው ከመርካቶ፦
እትዬ፣ እኛ ቤትስ መቼ ነው የሚመጡት?

የሽሮ ሜዳዋ፦
እንኳን አደረሳችሁ። የአምስት ዓመቱን የወንድሜን ልጅ አቀመስኩት፤ አፉን ጠራርጎ «ስኳር የለውም» አለኝ። በእትዬ ምክር ጨዉን ቀነስኩና ተውኩት። ሌሊት አባቴ ራሱ አንድ ቁንጥር ጨመረ፤ ልክ መጣ።

ከቤተ ክርስቲያን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተመለሰ። ጭልፋው ፈረሰኛውን ሲያወጣ ክሩ በርበሬ ጠጥቶ ቀልቷል። መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ብሎ አየና «ይኼ ተጎድቶ ነው እንዴ የተሰለፈው?» አለ። አጎቴ የጎረሰው ትን አለው። አባቴም ክሩን በጣቱ ፈትቶ አንዱን ስባሪ በእንጀራ ጠቅልሎ ለአጎቴ አጎረሰውና «በውሰት ነው፤ ለዳግማ ትንሣኤ ትመልሳለህ» አለው።