ሶህ ካህ ቶአን በቃሌ እያወቅኩት ወርድ ፕሮብለም ላይ ለምን ይጠፋብኛል?

ቤቲ_11ኛ
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ 11ኛ ክፍል ናቹራል ነኝ። ሂሳብ ያን ያህል አይከብደኝም ግን ትሪጎኖሜትሪ ላይ ስደርስ ነገር ይበላሻል። ሳይን ኦፖዚት በሃይፖቴነስ፣ ኮሳይን አጃሰንት በሃይፖቴነስ፣ ታንጀንት ኦፖዚት በአጃሰንት፣ ይሄንን ሶህ ካህ ቶአ የሚባለውን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ፣ ትሪያንግሉ ተስሎ ከተሰጠኝም እሰራዋለሁ። ጉዱ የሚመጣው በጽሁፍ ሲሆን ነው።
ይቺን እዩልኝ እስቲ፦ 30 ሜትር ቁመት ያለው ሕንፃ አናት ላይ የቆመ ሰው መሬት ላይ ያለች መኪና ያያል፣ አንግል ኦፍ ዲፕረሽኑ 30 ዲግሪ ነው፣ መኪናዋ ከሕንፃው ሥር ምን ያህል ትርቃለች? እኔ 30 ሲባዛ በታን 30 ብዬ 17.3 ሜትር መጣልኝ፣ ወርክሺቱ ላይ ያለው መልስ ግን 30√3 ይላል። ደጋግሜ ብሰራው ያው ነው። መልሱ ነው የተሳሳተው? ደግሞ ለ12ኛ ፈተና ይሄን ቻፕተር እንዴት ብለማመደው ይሻላል፣ ያለፈ ሰው ካለ ይንገረኝ 🙏

ናቲ_ሲቪል
መልሱ ልክ ነው ቤቲ። ስዕሉን ስለሽው ነበር ወይስ በጭንቅላትሽ ነው የሰራሽው? ምክንያቱም ስዕል ላይ ቢሆን ወዲያው ይታይሽ ነበር።
ዲፕረሽን የሚለካው ከግድግዳው አይደለም፣ ከሰውየው አይን ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ከሚሄደው አግዳሚ መስመር ነው። ሰውየው መጀመሪያ አድማሱን እያየ ነው በይ፣ ከዛ አይኑን 30 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ መኪናዋን አገኛት። አንቺ 30ውን ያስገባሽው በግድግዳውና ወደ መኪናዋ በሚወርደው መስመር መሀል ነው፣ እዛ ጋ ያለው ግን 60 ነው። አሁን አግዳሚው መስመርና መሬቱ ፓራለል ስለሆኑ 30ው ወርዶ መኪናዋ ጋ ቁጭ ይላል፣ 8ኛ ምናምን ላይ ኦልተርኔት ኢንቲሪየር አንግል ተብሎ የተማርነው ማለት ነው። መኪናዋ ጋ ቆመሽ ስታዪው ሕንፃው ፊት ለፊትሽ ስለሆነ ኦፖዚት፣ መሬቱ አጠገብሽ ስለሆነ አጃሰንት። ታን 30 እኩል ይሆናል 30 ሲካፈል ለርቀቱ፣ ታን 30 ደግሞ 1/√3 ስለሆነ ርቀቱ 30√3፣ ወደ 52 ሜትር ገደማ።
ሌላው ደግሞ መልስሽን እንደገና ሳትሰሪ መፈተሽ ትችያለሽ። አንግሉ 45 ቢሆን ኖሮ ቁመቱና ርቀቱ እኩል ነበሩ፣ 30 እና 30። ከ45 ካነሰ መኪናዋ ከቁመቱ በላይ ርቃለች ማለት ነው፣ ሰውየው ትንሽ ነው ዝቅ ብሎ ያያት። ስለዚህ 17.3 ሲመጣልሽ ገና ሳትጨርሺ ይሄ ነገር አይሆንም ማለት ነበረብሽ። ምርጫ ያለው ፈተና ላይ በዚህ ብቻ ሁለት ምርጫ ትጥያለሽ።

ቤቲ_11ኛ
ኧረ ናቲ ተባረክ 😭 የ45ቷን ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ግን እሺ ኦፖዚትና አጃሰንት አንዳንዴ ይገለባበጡብኛል፣ ይሄስ?

መምህር_ጠመኔ
ልጄ፣ የሚገለባበጥብሽ የጎኖቹ ቋሚ ስም ስለሚመስልሽ ነው። ሃይፖቴነስ ብቻ ነው ቋሚ፣ ሁሌም ከ90 ዲግሪው ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ ጎን። ኦፖዚትና አጃሰንት ግን እንደ ግራና ቀኝ ናቸው፣ የት እንደቆምሽ ነው የሚወስነው። አንዱን ትሪያንግል ይዘሽ ከአንዱ ሹል ወደ ሌላው ብትሄጂ ስማቸውን ይለዋወጣሉ። ሳይን 30 እና ኮሳይን 60 እኩል የሚሆኑትም በዚሁ ነው፣ ያው አንድ ጎን ነው ከሁለት ቦታ የታየው።
ተማሪዎቼን የማስገድዳቸው አንድ ነገር አለ። ፎርሙላ ከመጻፋቸው በፊት የሚሰሩበትን አንግል በእርሳስ ያከብቡታል፣ ከዛ ከክቡ ቀስት አውጥተው ፊት ለፊቱ ያለውን ጎን ይነኩና ኦ ብለው ይጽፉበታል። ሞኝነት ይመስላል፣ ጎበዞቹ ይስቃሉ፣ ግን ስህተቱ ይቀንሳል።
ስለ ልምምዱ ደግሞ፣ የ30፣ 45፣ 60 ሰንጠረዡን በቃል አትሸምድጂው። ሁለት ትሪያንግል ብቻ ያዢ። አንደኛው፣ ጎኑ 1 የሆነ ካሬ ከጥግ እስከ ጥግ ሲሰነጠቅ 1፣ 1፣ √2 ይወጣል፣ ይሄ 45ን ይሰጥሻል። ሁለተኛው፣ ጎኖቹ ሁሉ 2 የሆኑ ትሪያንግል ከአናቱ እስከ ሥሩ መሀል ሲከፈል 1፣ √3፣ 2 ይወጣል፣ ከዚህ 30ና 60 ይገኛሉ። ፈተና ክፍል ውስጥ ድንጋጤ ሰንጠረዡን ቢያስረሳሽ እንኳ ኮከብ መሳል አይደለም፣ ትሪያንግል መሳል አያቅትሽም።

ፍሬሽማን_ነኝ
መምህር በአክብሮት ግን አልስማማም። እኔ አምና ነው የተፈተንኩት፣ ጥያቄው ብዙ ሰዓቱ ደግሞ ጥቂት ነው፣ ካልኩሌተር የለም፣ እዛ ቁጭ ብሎ ካሬ እየሰነጠቁ ሳይን 45 መፈለግ ቀልድ ነው። መሸምደድ ነው ያለባት፣ ግን በዘዴ። የግራ እጅሽን መዳፍ ወደራስሽ አዙሪ፣ አውራ ጣት 0፣ ቀጥሎ 30፣ 45፣ 60፣ ትንሿ ጣት 90። የፈለግሽውን አንግል ጣት እጠፊው፣ ከታጠፈው ጣት በአውራ ጣት በኩል ያሉትን ቆጥረሽ ሩት አድርጊና ለ2 አካፍይ፣ ሳይን እሱ ነው። በትንሿ ጣት በኩል ያሉት ደግሞ ኮሳይን። 60ን ስታጥፊ በአውራ ጣት በኩል ሦስት ጣት አለ፣ √3/2። በትንሿ በኩል አንድ፣ √1/2 ማለትም ግማሽ። ሁለት ሰከንድ።

መምህር_ጠመኔ
የጣቱ ዘዴ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም፣ እኔም አሳያለሁ። ጣት ግን 120 ዲግሪ ሲመጣ ያልቃል። ትሪያንግሉን የያዘ ልጅ 120ን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ከ180 ጋር ያለው ልዩነት 60 መሆኑን ያይና ሳይኑ ያው √3/2፣ ኮሳይኑ ወደ ግራ ስለሄደ ኔጌቲቭ ግማሽ ብሎ ይጨርሳል። ሁለቱንም ትያዝ፣ ጣቱን ለፍጥነት፣ ስዕሉን ለመድህን።

ሚሚ_ሜሪላንድ
እዚህ አሜሪካ ልጄ ኤስኤቲ፣ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናውን፣ ሲለማመድ ሳየው የገረመኝ፣ እነዚህ መምህር ያሏቸው ሁለት ትሪያንግሎች እዛው ከፎርሙላዎቹ ጋር ተስለው ይሰጧቸዋል፣ ካልኩሌተርም አላቸው። ሆኖም ወርድ ፕሮብለም ላይ ልክ እንደ ቤቲ ነው የሚደነግጠው፣ ዲፕረሽኑን ግድግዳው ጋ ነው የሚጽፈው 😂 ስለዚህ ችግሩ ሽምደዳው አይመስለኝም።

ቀያሹ
ሰላም ቤተሰብ። ስራዬ ሰርቬይንግ ነው፣ በቀን ስንቴ ኮሳይን እንደምጠቀም ልንገራችሁና ትገረማላችሁ። ዳገት ላይ በሜትር ስትለኪ የምታገኚው የተዳፋቱን ርዝመት ነው፣ ካርታ ላይ የሚገባው ግን የአግዳሚው ርቀት ነው። 100 ሜትር ለክተሽ ዳገቱ 5 ዲግሪ ከሆነ 100 በኮሳይን 5፣ 99.62 ሜትር። ትንሽ ይመስላል፣ ግን የቦታ ወሰን ላይ 38 ሳንቲም ጎረቤት ከጎረቤት ያጣላል። ቶታል ስቴሽኑ፣ የመለኪያ መሳሪያችን፣ ራሱ ነው አሁን የሚያሰላው እንጂ ውስጡ ያለው ያው የናንተ ትሪያንግል ነው። ግንበኞቹም ፎርሙላውን ሳይጠሩት ይጠቀሙበታል፣ ጥግ ስኳድራ መሆኑን ሲያዩ በአንዱ በኩል 60 ሳንቲም፣ በሌላው 80 ምልክት አድርገው በመሀል 100 ከመጣ በቃ 90 ዲግሪ ነው።
ቤቲ የምመክርሽ፣ ወጥተሽ ለኪ። ፕሮትራክተር ውሰጂ፣ ከመሀሉ ነጥብ ክር አንጠልጥዪ፣ ጫፉ ላይ ብሎን እሰሪ። ቀጥ ያለውን ጎን እንደ ጠመንጃ አነጣጥረሽ የሰንደቅ ዓላማ መስቀያውን ጫፍ እዪ። ክሩ የቆመበትን ቁጥር ከ90 ቀንሺ፣ እሱ ነው ኤለቬሽን አንግልሽ፣ ከአግዳሚው ወደ ላይ ያየሽበት ማለት ነው። ክሩ 50 ላይ ከቆመ አንግልሽ 40። ከምሰሶው 10 ሜትር ርቀሽ ከነበረ 10 በታን 40፣ 8.4 ሜትር ገደማ፣ እዚህ ላይ የአይንሽን ከፍታ መደመር አትርሺ፣ 1.5 ሜትር ከሆነ ምሰሶው 9.9 ነው። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚያጣት ነጥብ ይቺ የአይን ከፍታ ናት፣ "1.5 ሜትር ቁመት ያለው ልጅ" የምትል ሐረግ ለጌጥ አትገባም።
አክሱም ከሄድሽ ደግሞ ከሮም በ1997 ተመልሶ በ2000 የተተከለውን ሐውልት ሞክሪው፣ ወደ 24 ሜትር ነው፣ ከ24 ሜትር ትንሽ ጠጋ ብለሽ 45 ዲግሪ ላይ ማግኘት አለብሽ፣ ጠጋ የምትዪው በዛችው በአይን ከፍታሽ ምክንያት። በጥላ እለካለሁ ካልሽ አዲስ አበባ ውስጥ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ቀትር ላይ አትሞክሪ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላሽ እግርሽ ሥር ነው የሚገባው።

ቤቲ_11ኛ
ቀያሹ ጋሼ ይሄን ነገ ከጓደኞቼ ጋ እሞክረዋለሁ፣ ብሎን አላጣም። አንድ ሌላ ልጠይቅ፣ ሁለት አንግል ያለበት። ከባህር ዛፍ ፊት ቆሜ ጫፉን በ30 ዲግሪ አየሁት፣ 40 ሜትር ወደ ዛፉ ስጠጋ 60 ሆነ፣ ቁመቱ ስንት ነው። ሁለት ኢኩዌሽን አውጥቼ 34.6 አገኘሁ ግን ገጽ ሙሉ ፈጀብኝ፣ አጭር መንገድ አለው? ደግሞ ለማረጋገጥ በስልኬ ሳይን 30 ብዬ ስነካ −0.988 ይለኛል፣ ስልኩ ነው የተበላሸው?

ናቲ_ሲቪል
ስልኩ ደህና ነው፣ ራዲያን ላይ ነው ያለው፣ በዲግሪ ፋንታ ሌላ የአንግል መለኪያ ነው። ሳይን 30 ሲባል 0.5 ካልመጣ ሌላ ምንም አትስሪ፣ መጀመሪያ ስልኩ ላይ ራድ የሚለውን ወደ ዲግ ቀይሪ። ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ከሆነ ስክሪኑ ላይኛው ጠርዝ ላይ ትንሽ ፊደል አለች፣ እሷን እዪ። 0.454 ካለሽ ደግሞ ግራድ በሚባል ሦስተኛ መለኪያ ላይ ነው ማለት ነው፣ ብዙ ሰው ያቺን ጭራሽ አያውቃትም።
34.6ሽ ልክ ነው። አጭሩ ይሄው፣ የመጀመሪያ ቦታሽ፣ ሁለተኛው ቦታሽና የዛፉ ጫፍ አንድ ትሪያንግል ይሰራሉ አይደል? 60ው ለዛ ትሪያንግል የውጭ አንግል ነው፣ የውጭ አንግል የሁለቱ ሩቅ የውስጥ አንግሎች ድምር ስለሆነ ጫፉ ጋ ያለው 60 ሲቀነስ 30፣ ማለትም 30። ሁለት 30 ካለው ሁለቱ ጎኖች እኩል ናቸው፣ ስለዚህ ከሁለተኛው ቦታሽ እስከ ዛፉ ጫፍ ያለው ሰያፍ ራሱ 40 ሜትር ነው። ቁመቱ 40 በሳይን 60፣ 20√3። አለቀ። አንዱ አንግል የሌላው እጥፍ ሲሆን ሁሌም ይሄ ይሰራል፣ 20 እና 40 ቢሆንም፣ 15 እና 30 ቢሆንም።

ፍሬሽማን_ነኝ
ይሄን ባውቀው ኖሮ አምና ስንት ደቂቃ አተርፍ ነበር ወይኔ።

ቤቲ_11ኛ
ዋው 🔥 እሺ አሁን ሳይን ሎው ጀምረናል፣ እያንዳንዱ ጎን ፊት ለፊቱ ላለው አንግል ሳይን ሲካፈል እኩል ነው የሚለውን፣ የቤት ስራ ላይ አንግል ኤ 30፣ ከሱ ፊት ለፊት ያለው ጎን 6፣ ከቢ ፊት ለፊት ያለው 10፣ አንግል ቢን ፈልጉ ይላል። 10 በሳይን 30 ሲካፈል ለ6፣ 0.833፣ ስለዚህ ቢ 56.4 ዲግሪ። ልክ ነው?

መምህር_ጠመኔ
ግማሹ ልክ ነው። ሳይኑ 0.833 የሆነ ሌላ አንግል አለ፣ 180 ሲቀነስ 56.4፣ 123.6። ካልኩሌተር አንዱን ብቻ ነው የሚነግርሽ። 30 እና 123.6 ሲደመሩ 153.6፣ ከ180 ስለሚያንሱ ለሦስተኛው ቦታ ይተርፋል፣ ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ትሪያንግሎች ይወጣሉ፣ ሁለቱንም ጻፊ። በኮምፓስ ሳዪው፣ ከሥሩ መስመር በ30 ዲግሪ 10ሯን መስመር አስምረሽ ከጫፏ በ6 ሬዲየስ ቅስት ስታዞሪ ሥሩን ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል። ከዛ በ6 ፋንታ 5 አድርገሽ ሞክሪ፣ ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ 12፣ ቅስቱ ስንት ቦታ እንደሚቆርጥ እዚህ ጻፊልን።

ቤቲ_11ኛ
5 ላይ አንድ ቦታ ነካ አድርጎ ነው የሚያልፈው፣ ቢ 90 ይሆናል። 4 ላይ አይደርስም፣ ትሪያንግል የለም። 12 ላይ ሁለት ቦታ ይቆርጣል ግን አንዱ ከኤ ኋላ ስለሆነ አይቆጠርም፣ አንድ ብቻ። ልክ ነኝ መምህር?

መምህር_ጠመኔ
ሦስቱም ልክ። ኮሳይን ሎው ስትደርሱ ተመለሽ።