በሁለት አህያ የሚጫን ወርክሾፕ፦ ምን እንግዛ፣ ምን እዚያው እንሥራ?

ጥያቄ፦ የለገጣፎው ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ለገጣፎ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነኝ። ከሁለት የአጎቴ ልጆች ጋር አያቶቻችን ያሉበት ገጠር ወርክሾፕ ልንከፍት ነው። ቦታው ከሰንዳፋ ገባ ያለ ነው። መብራት የለም። በክረምት መኪና አይገባም፤ ከአስፋልቱ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ስለዚህ ዕቃችን በሁለት አህያ መጫን አለበት፤ መቶ ኪሎ ገደማ ማለት ነው።

ማረሻና ማጭድ መጠገን ብቻ አይደለም ሐሳባችን። ወርክሾፑ የጎደለውን መሣሪያ ራሱ እንዲሠራ እንፈልጋለን። ኋላ ደግሞ ለሚቀጥለው መንደር ሌላ ወርክሾፕ የሚያስጀምር ዕቃ ቢወልድ ደስ ይለናል። የግድ መገዛት ያለበት የቱ ነው?

በያጁ

ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ በያጅ ነኝ። ጄኔሬተርና ትንሽ ኢንቨርተር ብየዳ ያዙ። ኢንቨርተሩ በአንድ እጅ የሚነሳ ነው። በርና መስኮት ሠርታችሁ ቶሎ ብር ታያላችሁ። በእሳትና በመዶሻ ብቻ መቼ ይደረሳል?

የቡራዩዋ

በያጁ፣ እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። እኛም እንደዛ ነበር የጀመርነው። ጄኔሬተሩ ተበላሸ፣ መለዋወጫው ጠፋ፣ ሁለት ወር ሙሉ በራችንን ዘግተን ተቀመጥን። ሦስት ሰው እጁን አጣጥፎ! ሥራው በእጅ መቆም ከቻለ በኋላ ብየዳውን ጨምሩ። ቀድማችሁ በእሱ ላይ ከተደገፋችሁ ግን ቤንዚን ባለቀ ቁጥር ወርክሾፑም ያልቃል።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ቆሜአለሁ።

በእጅ ልትሠራው የማትችለውን ብቻ ግዛ። አንደኛው ሞረድ ነው። ዝርግ፣ ግማሽ ክብና ሦስት ማዕዘን፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት። ጥሩ ሞረድ ላይ ገንዘብ አትሰስት፤ ሌላውን ሁሉ የሚወልደው እሱ ነው። ቀጥሎ የሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ በዛ አድርገህ፣ በእጅ የሚዞር ትራፓኖ (መሰርሰሪያ) ከነመብሻዎቹ፣ የስድስት፣ የስምንትና የአስር ሚሊ የቡሎን ጥርስ ማውጫ፣ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) እና ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያ)። ሞርሳም (ብረት ጨምቆ የሚይዘውን) ግዛ፤ ከባድ ነው ግን ያለ እሱ ሥራ የለም። ሁለት መዶሻ ጨምር።

የቀረውን እዚያው ሥራ። ጉጠት ከአስራ ሁለት ሚሊ ፌሮ (የግንባታ ብረት) ይወጣል። መስፍ (ብረት የሚቀጠቀጥበት) ካጣህ የትልቅ መዶሻ ራስ የባህር ዛፍ ጉቶ ውስጥ ቅበር፤ ፊቱ ብቻ ወደ ላይ ይታይ። ወናፍ (እሳት ማናፈሻ) ደግሞ የአገሩ ሰው ከፍየል ቆዳ መስፋት ያውቅበታል፤ ጠይቃቸው።

መሮና በመዶሻ የሚመታ መብሻ ከባሌስትራ (ከመኪና ዝርግ ሞላ) ይሠራል። ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው። ቅርጹን ካወጣህ በኋላ ከሰል ውስጥ አግለው። ከአሮጌ ስፒከር የወጣች ማግኔት በሽቦ አንጠልጥለህ አስጠጋት። ማግኔቷ ብረቱን መሳብ ስታቆም ትንሽ ሙቀት ጨምርለትና በተቃጠለ ዘይት ውስጥ ንከረው። ዘይቱ ክዳን ባለው የብረት ጣሳ ይሁን፤ ሊነድ ይችላል። ውሃ ውስጥ ከከተትከው ግን ሊሰነጠቅብህ ይችላል።

የለገጣፎው ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን እንዲሁ አድርጌ የሠራሁት መሮ በመጀመሪያው ምት አፉ ተሸረፈ። ምን አጠፋሁ?

ጡረተኛው

ሳታለሰልሰው ነው የመታህበት። ከዘይት የወጣ ባሌስትራ እንደ ብርጭቆ ነው። እስኪያበራ በጡብ ፈትገው። ከዚያ ከጀርባው በኩል ቀስ ብለህ አሙቀውና ቀለሙን ተከተል። መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይመጣል፤ ከዚያ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ። ወይን ጠጁ አፉ ጋ ሲደርስ ወዲያው አቀዝቅዘው። ጥላ ውስጥ ሥራ፤ ፀሐይ ላይ ቀለሙ አይለይም።

የምናለሽ ተራ ልጅ

ባሌስትራና ሞላ ከቆራሌም ከጋራዥም ታገኛለህ። እዚሁ መርካቶ ስትመጣ ስኳድራውን ሳትፈትሽ አትግዛ። ቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ አስደግፈህ መስመር አስምር፣ ገልብጠህ እዚያው ነጥብ ላይ ድገም። ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩ ተወው። እና ዚንክ የተቀባ ላሜራ እሳት ውስጥ እንዳትከት፤ ጢሱ ያሳምማል።

የገበሬ ልጅ

ከሚያዝያ በፊት ግቡ። ገበሬው ማረሻውን የሚያስጠግነው ከክረምት እርሻ በፊት ነው። ክፍያውም ብር ብቻ ላይሆን ይችላል። እህል ሲደርስ እሰጣለሁ የሚል ይኖራል፤ እምቢ አትበሉ። እዚያ ያለውን ቀጥቃጭ ደግሞ ቀድማችሁ ሂዱና ሰላም በሉት። ወናፉንም ከሰሉንም የሚያውቀው እሱ ነው፤ አብሯችሁ ቢሠራ ሁላችሁም ታተርፋላችሁ።

የለገጣፎው ልጅ

ይሄን አላሰብኩትም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ቀጥቃጩ የአያቴ ጎረቤት ናቸው፤ እሁድ ሄጄ አናግራቸዋለሁ። ጋሼ፣ አንድ የቀረኝ፦ ሁለተኛውን ወርክሾፕ ስናስጀምር ቀጥ ያለ ዝርግ ብረት ከየት እናመጣለን? ያለ እሱ ልኩ ሁሉ ይዛባል።

ጡረተኛው

ሦስት ብረት ውሰድና ቁጥር ጻፍባቸው። ጥላሸት በዘይት ለውሰህ አንደኛውን ቀባ፣ ሁለተኛውን እላዩ ላይ እሽበት። ጥላሸት የነካው ቦታ ከፍ ያለ ነው፤ እሱን ብቻ በሞረድ ላስ አድርግ። ከዚያ ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ ሦስተኛውን ከአንደኛው። ሁለት ብቻ ብታደርግ አንዱ ጎድጉዶ ሌላው አብጦ ይገጥሙና ያታልሉሃል። ሦስቱም በየአቅጣጫው ዞረው እርስ በርስ የሚገጥሙት ዝርግ ሲሆኑ ብቻ ነው። ይህን ዘዴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ ነው። ብዙ ቀን ይፈጃል፣ ክንድም ይደክማል። ሲያልቅ አንዱን ለራሳችሁ አስቀሩ፣ ሁለቱን ለሚቀጥሉት መንደሮች ላኩ።