ደካማ መግነጢሳዊ ሞገድ የማስታወስ ችሎታን ያሻሽላል?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
እናቴ ባለፈው እሑድ ቡና አፍልታ አቦሉን ካጠጣችን በኋላ፣ ገና ምንም እንዳልቀዳች ሆና ሲኒዎቹን እንደገና ደረደረች። በጣም ደነገጥኩ። ጭንቅላት ላይ የሚጠለቅና ደካማ መግነጢሳዊ ሞገድ የሚሰጥ መሣሪያ መርሳትን እንደሚቀንስ ማስታወቂያ ስላየሁ፣ ልገዛላት አስቤያለሁ። እውነትነት አለው?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ። እ.ኤ.አ. በ1985 ተመራማሪው አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ ያሳዩት፣ ዛሬ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መሣሪያ ከ1 እስከ 2 ቴስላ (የመግነጢስ ብርታት መለኪያ) የሚደርስ ቅጽበታዊ ምት ስለሚሰጥ፣ በአንጎል ውስጥ ኤሌክትሪክ ፈጥሮ ነርቮችን ያነቃል። ደካማ የሚባሉት ግን በአብዛኛው በማይክሮ ቴስላ፣ ማለትም በቴስላ አንድ ሚሊዮንኛ፣ የሚለኩ ናቸው፤ የመሬት የራሷ መስክ እንኳ ከ25 እስከ 65 ማይክሮ ቴስላ ይደርሳል። እንዲህ ያለው መስክ ነርቭን በቀጥታ ሊያነቃ አይችልም፤ እኔ ብሆን አልገዛውም።

መልስ፣ ከወልድያ፦
በብርቱው መሣሪያ ረገድ ተስፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ16 ጤነኛ ሰዎችን አንጎል ለ5 ተከታታይ ቀናት ካነቃቁ በኋላ፣ ፊትን ከቃል ጋር አያይዞ የማስታወስ ችሎታቸው ተሻሽሏል። እነዚያ ግን ሕመምተኞች አልነበሩም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ እጢ መዛባትም መርሳትን ስለሚያስከትሉና ስለሚታከሙ፣ እናታችንን አስቀድመሽ ለምርመራ ውሰጃቸው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ጠዋት እወስዳታለሁ።