«ገበያ የለም» ማለት ምን ማለት ነው?

የደሴዋ፦ ትናንት አንድ አስመጪ ወንድማችን እዚሁ ግሩፕ ላይ «ወሎ ውስጥ ለባዮሴንሰር (በሕይወታዊ ንጥረ ነገር ለሚመረምር መሣሪያ) ገበያ የለም፤ ያስገባሁት የስኳር መለኪያ መደርደሪያ ላይ ቀረ» ብለው ጻፉ። አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። እናቴ ስኳር ከያዛት 11 ዓመቷ ነው። ማሽኑ ቤታችን አለ፤ ከነቦርሳው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የጠፋው ስትሪፑ፣ ደም ጠብ የሚደረግበት ቀጭን መለኪያ ወረቀቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርኩ። መልሱ አንድ ነው፦ «የዚህ የለም፤ የሌላ ማሽን ነው ያለን።» ብር ይዤ እየዞርኩ ገበያ የለም ይባላል?

አስመጪው፦ እህቴ፣ እናትሽን አላህ ያሽርልሽ። ግን ፈላጊና ገበያ ይለያያሉ። ገበያ የምለው በየወሩ ተመልሶ የሚገዛውን ነው። አንዱ ማሽን የሌላውን ስትሪፕ አይቀበልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ለብቻው ማስመዝገብ፣ ለብቻው ዶላር መፈለግ አለብኝ። በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የትናንት ዋጋ ዛሬ አይሠራም። ስትሪፕ ቀን አለው። ቀኑ ሲያልፍ የሚጣለው የኔ ገንዘብ ነው።

ቦርከና፦ «ፈላጊና ገበያ ይለያያሉ» የሚለውን ልያዘው። ፈጣኑ የወባ መመርመሪያም እኮ የዚሁ ዘመድ ነው፤ በአንድ ጠብታ ደም ይሠራል። ቆላ ያለ ጤና ኬላ ድረስ የደረሰው ገበሬው በየወሩ እየገዛው ነው? መንግሥትና ለጋሾች ገዝተውት ነው። ለስኳርስ ለምን አይሆንም? ስትሪፑን የጤና መድኑ ይግዛው፤ ያኔ ገበያው ይመጣል።

የላብ ሰው፦ መጀመሪያ ቁጥሩ ይታመን። ስትሪፕ ተራ ወረቀት አይደለም። ጫፉ ላይ ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን አለ። ከደሙ ስኳር ጋር ሲገናኝ የምትፈጠረውን ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው ማሽኑ የሚያነበው። ተመራማሪዎቹ ክላርክና ላየንስ እ.ኤ.አ. በ1962 መንገዱን ካሳዩ ወዲህ መሠረቱ ይኸው ነው። ይህን ኢንዛይም ሙቀትና እርጥበት ይገድለዋል። በቀደም ከባቲ የመጡ አንድ አባት ስትሪፑን ከብልቃጡ አውጥተው፣ በፌስታል ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት መጡ። ቤታቸው የለኩትና እኛ ያገኘነው ጭራሽ አልገናኝ አለ። ኢንሱሊን ሲወጉ የከረሙት በዚያ ቁጥር ነው! የስኳር መለኪያዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይኤስኦ 15197 እንኳ ስኳሩ በዴሲ ሊትር ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ሲሆን እስከ 15 በመቶ መዛነፍን ይፈቅዳል። በዚያ ላይ ሙቀት ሲጨመርበት አስቡት። ምዝገባው ላይ ማንም አይነጫነጭ።

አስመጪው፦ ምዝገባ ይቅር መቼ አልኩ? ይፍጠን ነው የምለው።

የላብ ሰው፦ ይፍጠን ሲሉ ነው የምፈራው። ቴራኖስ የሚባለው የደም ምርመራ ኩባንያ በጥቂት ጠብታ ደም ሁሉን እመረምራለሁ ብሎ ስንቱን አሳምኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘጋ። ያ የሆነው አሜሪካ ነው።

ቦርከና፦ ታዲያ እዚሁ እንሥራው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከ2009 ጀምሮ አለ። ልብስ የሚሰፋ እጅ ስትሪፕ መሥራት አያቅተውም።

ጦሳ፦ ኧረ በሞቴ! ሁሌ ኮምቦልቻ፣ ሁሌ ኮምቦልቻ። ደሴ ላይ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ በሽተኛው አለ።

ቦርከና፦ ዩኒቨርሲቲው ኮምቦልቻም ግቢ አለው። አውሮፕላን ማረፊያውስ የት ነው?

የላብ ሰው፦ እናንተ በቦታ ትጣላላችሁ። እርጥበቱ የተመጠነ ክፍል፣ ከውጭ የሚገባ ኢንዛይም፣ በየዙሩ ናሙና እየተወሰደ ከላብ ጋር ማመሳከር ይፈልጋል። ከስፌት ጋር አታወዳድሩት።

የደሴዋ፦ ወንድሞቼ፣ ፋብሪካው እስኪቆም እናቴ ምን ትሁን? ድሮ ጠዋት ጠዋት ትለካ ነበር። አሁን «ዛሬ አፌ ደርቋል፣ ሽንት አብዝቶብኛል» እያለች በግምት ነው የምትወጋው።

አስመጪው፦ የማሽኑን ስም ጻፊልኝ። ሁለት ብልቃጥም ቢሆን አፈላልጋለሁ።

የደሴዋ፦ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ፤ አላህ ይስጥልኝ። ግን «ገበያ የለም» ያሉትን ያንሱልኝ።

አስመጪው፦ እሱን አላነሳም፣ እህቴ። ሁለት ብልቃጥ ገበያ አይሆንም።

ቦርከና፦ ይኸው እንደገና!